የሞስኮው ድብ፦ ገበያው የተዘጋበት ማስኮት እንዴት ከውድድሩ በላይ ዕድሜ አገኘ?

አዘጋጅ ኮሚቴዎች አንድ የኦሊምፒክ ማስኮት (ውድድሩን እንዲወክል የሚመረጥ የእንስሳ ወይም የሌላ ፍጡር ምስል) ሰመረ ወይስ ከሸፈ ብለው ሲመዝኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት የሽያጩን መዝገብ ነው። በዚያ ሚዛን ብቻ ብንሄድ የ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክን የወከለው ሚሻ የተባለው የድብ ግልገል ክፉ ዕጣ ከገጠማቸው ማስኮቶች አንዱ ሆኖ በተቆጠረ ነበር፤ ከውጭ ገበያዎቹ ሁሉ ብዙ የተጠበቀበት የአሜሪካ ገበያ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት በሩን ዘግቶበታልና። ነገር ግን ዛሬ ስለ ማስኮቶች ታሪክ በሚነሳበት ቦታ ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው፤ በደንብ የተሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ ከሰብሳቢዎች ሳጥን ውጭ አይገኙም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ልዩነት ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ፦ «በእኛ» ካላልኩ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የሞስኮው ውድድር በእኛ ከሐምሌ 12 እስከ ሐምሌ 27 ቀን 1972 ዓ.ም. የተካሄደ በመሆኑ በፈረንጆቹ 1972 ከተካሄደው የሙኒክ ኦሊምፒክ ጋር እንዳይምታታ ያስፈልጋል።

ከሚሻ በፊት የነበረው ልማድ

ሞስኮ ማስኮት ስታስብ ልማዱ ገና ወጣት ነበር። በእግር ኳስ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ማስኮት በ1966 በእንግሊዝ የቀረበው ዊሊ የተባለው አንበሳ ሲሆን፣ የብሪታንያን ባንዲራ በደረቱ ለብሶ ኳስ ሲመታ የሚታይ ደስተኛ ፍጡር ነበር። በኦሊምፒክ በኩል በ1968 በፈረንሳይ ግሬኖብል በተደረገው የክረምት ውድድር ሹስ የተባለ የበረዶ ሸርታቴ ተጫዋች ምስል ታይቷል፤ ይሁንና ይፋዊ ዕውቅና አልነበረውም። በይፋ የተሾመው የመጀመሪያው የበጋ ኦሊምፒክ ማስኮት በ1972 በሙኒክ የመጣው ቫልዲ ነው፤ አጭር እግርና ረጅም ወገብ ያለው ዳክስሁንድ የተባለው የጀርመን ውሻ። ቫልዲን ያወጣው በኦትል አይሸር የሚመራው የንድፍ ቡድን ጀርመን የናዚን ዘመን ሰልፍ በሚያስታውስ ቀለም እንዳትታይ ተጠንቅቆ ስለነበር ውሻው በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማና በመሳሰሉት ለስላሳ ቀለሞች ብቻ ተሠርቷል።

ስለ ቫልዲ ሲነሳ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሙኒክ ማራቶን መሮጫ መንገድ የተቀየሰው በካርታ ላይ ሲታይ የዚያን ውሻ ቅርጽ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ማሞ ወልዴ ፍራንክ ሾርተርንና ካሬል ሊስሞንን ተከትሎ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘበት ያ ሩጫ የአንድን ማስኮት አካል ዙሪያውን የሚያካልል ሩጫ ነበር ማለት ነው። በ1976 በሞንትሪያል አሚክ የተባለ ቢቨር (በወንዝ ዳር የሚኖር፣ ዛፍ የሚቆርጥ እንስሳ) ማስኮት ሆነ፤ ካናዳን በሚገባ የሚወክል እንስሳ ቢሆንም ምስሉ ጥቁር፣ ጠፍጣፋና ዝምተኛ በመሆኑ ከዓርማ እምብዛም አይለይም ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ የሚበልጡ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ መጓዙን ተቃውመው ሞንትሪያልን ስለተዉ አሚክን እኛ ያየነው ከሩቅ ነው።

ድቡ እንዴት ተመረጠ

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የ1980ን ውድድር ለሞስኮ የሰጠው በጥቅምት 1974 ቪየና ላይ በተደረገ ጉባኤ ሲሆን፣ ተፎካካሪዋ ሎስ አንጀለስ ነበረች። ኦሊምፒክን ያዘጋጀ ሶሻሊስት አገር እስከዚያ ድረስ አልነበረም። በመሆኑም አዘጋጆቹ ከስታዲየምና ከሆቴል ግንባታው ጎን ለጎን አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር፦ በሚሳይልና በሰልፍ የሚታወቅ ኃያል መንግሥት ለዓለም ሕፃናት የሚያሳየው ፊት የትኛው ነው?

ድብን መምረጥ ዛሬ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቀላል አልነበረም። የምዕራብ ጋዜጦች የካርቱን ሠዓሊዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሩሲያን ሲሥሉ የኖሩት ጥፍሩን ባሾለና ጎረቤቱን ሊውጥ በተዘጋጀ ድብ ነው። ለእኛም ቢሆን ድብ በመጀመሪያ ትዝ የሚለን ዳዊት በእረኝነቱ ዘመን ከአንበሳው ጋር የገደለው በግ ነጣቂ አውሬ ሆኖ ነው። በሩሲያ ተረት ውስጥ ግን ሌላ ድብ አለ። ሙሉ ስሙ ሚኻይል ፖታፒች ቶፕቲጊን ይባላል፤ አረማመዱ የተንከረፈፈ፣ ማር ወዳድ፣ አንዳንዴ የሚሞኝ፣ ሲቆጣም ቶሎ የሚበርድለት የጫካ ጌታ ነው። ሚሻ የዚሁ የሚኻይል የቁልምጫ ስም ነው። አዘጋጆቹ የሕዝቡን አስተያየት ጠይቀው ድቡ ከሌሎቹ እንስሳት ልቆ ሲገኝ፣ የውጭው ዓለም እንደ ማስፈራሪያ የሚያውቀውን እንስሳ በአገሬው ተረት በኩል መልሰው ለማስተዋወቅ ወሰኑ። በእኔ አስተያየት በጉዳዩ ውስጥ ከታዩት ብልህ ውሳኔዎች የመጀመሪያው ይህ ነው፤ የወጣብህን ስም ከመካድ ይልቅ ተቀብለህ በራስህ መንገድ መተርጎም።

ቀጥሎ የመጣው የሠዓሊው ምርጫ ነበር። ከተለያዩ ቦታዎች ከቀረቡት ረቂቆች መካከል ተመራጭ የሆነው በሕፃናት መጻሕፍት ሥዕሎቹ የታወቀው የሞስኮ ተወላጅ ቪክቶር ቺዢኮቭ ነው። ቺዢኮቭ ወራት ወስዶ ድቡን በልዩ ልዩ አቋምና አለባበስ ደጋግሞ ሥሎታል፤ ምስሉም በ1977 መጨረሻ ይፋዊ ማስኮት ሆኖ ጸደቀ።

የመጨረሻውን ምስል ቀረብ ብሎ ያየ ሰው በውስጡ ካለው ይልቅ የሌለው ነገር ያስገርመዋል። መዶሻና ማጭድ የለበትም፤ ቀይ ኮከብ የለበትም፤ ባንዲራም አልያዘም። እንደ ዊሊ ኳስ አይመታም፣ ጦር አይወረውርም፣ ክብደት አያነሳም። ልብሱ በወገቡ ላይ ያለች አንዲት ቀበቶ ብቻ ነች፤ እሷም በኦሊምፒክ ቀለሞች የተሠራች ሆና ዘለበቷ አምስቱን ቀለበቶች በወርቅማ ቀለም ይዟል። ድቡ ሙሉ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ ፈገግ ይላል። ቫልዲና አሚክ ሁለቱም በጎናቸው የሚታዩ፣ ተመልካቹን የማያዩ ምስሎች ነበሩ። የግራፊክ ንድፍ ባለሙያ የሠራው ማስኮት ከሩቅ እንዲለይ ሆኖ ይወጣል፤ የሕፃናት መጽሐፍ ሠዓሊ የሠራው ግን ከቅርብ እንዲያናግር ይሠራል። በሚሻና በቀዳሚዎቹ መካከል ያለው ዋና ልዩነት በእኔ እምነት እዚህ ላይ ነው፤ ኋላ በመዝጊያው ዕለት የሆነውም ያለዚህ ፊት ሊሆን አይችልም ነበር።

ከቴምብር እስከ ጠፈር

ከዚያ በኋላ ሚሻ ያልታየበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በፖስታ ቴምብር፣ በሸክላና በእንጨት ሥራ፣ በደረት ዓርማ፣ በፖስተርና በአሻንጉሊት ወጣ። በ1978 ደግሞ ሳልዩት 6 በተባለው የሶቪየት የጠፈር ጣቢያ አሻንጉሊቱ ከጠፈርተኞች ጋር ታይቷል። የጀልባ ውድድሩ የተመደበው በኢስቶኒያዋ ታሊን ስለነበር ለእሱ ቪግሪ የተባለ ለብቻው የሆነ ማስኮት፣ በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖር የሲል ግልገል፣ ተዘጋጀለት። በጃፓን ድቡ የሕፃናት ተከታታይ የካርቱን ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነ፤ ፊልሙ በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ1979 መጸው ነው። ማስኮት ከውድድሩ ቀድሞ የራሱን የታሪክ ሕይወት ሲያገኝ እስከዚያ ድረስ እንዲህ በስፋት አልታየም ነበር።

አዘጋጆቹ ከማስኮቱ የውጭ ምንዛሪም ይጠብቁ ነበር። በአሜሪካ የሚሻን አሻንጉሊት ለማምረትና ለመሸጥ ፈቃድ የገዛ ድርጅት ነበር፤ የኤንቢሲ ቴሌቪዥንም የማስተላለፍ መብቱን ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዝቶ ነበር። ዕቅዱ ሁሉ የተመሠረተው በ1980 በጋ የአሜሪካ ልጆች ሚሻን በየቀኑ በቴሌቪዥን አይተው ከየሱቁ ይገዙታል በሚል ስሌት ላይ ነው።

ቦይኮቱ

በታኅሣሥ 1979 መጨረሻ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ገባ። በጥር 1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ጦሩ በአንድ ወር ውስጥ ካልወጣ አሜሪካ በሞስኮ እንደማትገኝ አስታወቁ፤ በመጋቢትም ውሳኔው የመጨረሻ ሆኖ ለውድድሩ የሚሆኑ የአሜሪካ ሸቀጦች ወደ ሶቪየት ኅብረት እንዳይላኩ ተከለከለ። ኤንቢሲ ሰፊውን ስርጭት ተወ። አሻንጉሊቱን ያመረተው ድርጅት ከመጋዘን ሙሉ ድብ ጋር ቀረ፤ ማንም ሕግ አሻንጉሊት መግዛትን ባይከለክልም፣ በዚያ ወቅት የሞስኮን ድብ ለልጁ መግዛት ለብዙ አሜሪካዊ ወላጅ የማይመች ነገር ሆኖ ነበር። ምዕራብ ጀርመን፣ ካናዳ፣ ኬንያና ሌሎች ብዙ አገሮች ቀሩ። የካርቱን ፊልሙን የሠራችው ጃፓንም ቀረች፤ ልጆቿ ድቡን ሲወዱ ከርመው አትሌቶቿ ግን ሳያዩት ቀሩ። በመጨረሻ በሞስኮ የተገኙት 80 ቡድኖች ብቻ ሲሆኑ፣ ብሪታንያን የመሳሰሉ አንዳንዶቹ በአገራቸው ባንዲራ ፋንታ በኦሊምፒክ ባንዲራ ሥር ተሰለፉ።

እዚህ ላይ ማስኮቱን ብቻ እያደነቁ ማለፍ አግባብ አይሆንም። የድቡ ገር ፊት በየፖስተሩ ፈገግ በሚልበት በዚያው ጥር ወር የኖቤል የሰላም ተሸላሚው አንድሬ ሳኻሮቭ ከሞስኮ ተግዘው የውጭ አገር ሰው ወደማይገባባት ወደ ጎርኪ ከተማ ተልከዋል። ማስኮት በባሕርዩ የመንግሥትን ፊት ማለስለሻ ነው፤ በደንብ በተሠራ ቁጥርም የሚሸፍነው ነገር ይበዛል። የቺዢኮቭ ሥራ ጥራትና የአሠሪዎቹ ዓላማ ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱን ለመንቀፍ ሌላውን ማሳነስ አያስፈልግም።

እኛ በዚያ ሜዳ ላይ

ለኢትዮጵያ የሞስኮ ትርጉም የተለየ ነው። ሞንትሪያልን በአፓርታይድ ጉዳይ ትታለች፤ ሎስ አንጀለስን በ1984 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግና፣ ሴኡልን በ1988 ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ቀርታለች። ስለዚህ ከ1972 ሙኒክ እስከ 1992 ባርሴሎና ባሉት ሃያ ዓመታት የኢትዮጵያ አትሌቶች የቆሙበት ብቸኛው ኦሊምፒክ የሚሻ ኦሊምፒክ ነው። በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኘውና ሞንትሪያል ያመለጠው ምሩፅ ይፍጠር፣ ማርሽ ቀያሪው፣ በእኛ ሐምሌ 20 ቀን 10 ሺህ ሜትሩን፣ ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ 5 ሺህ ሜትሩን በመጨረሻው ዙር ተፈትልኮ በመውጣት አሸነፈ። መሐመድ ከድር በ10 ሺህ ሜትር፣ እሸቱ ቱራ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ አገኙ።

ኬንያውያን ስላልነበሩ የእነዚህ ሜዳሊያዎች ክብደት ቀለል ይላል የሚል ክርክር በውጭ ጸሐፊዎች ዘንድ አልፎ አልፎ ይነሳል። ክርክሩን ለአትሌቲክስ ባለሙያዎች ልተወው፤ ከያዝነው ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ግን አንድ ነገር አለ። ቦይኮት (በተቃውሞ አለመሳተፍ) የአንድን ውድድር ዋጋ ለቀሩት አገሮች ሕዝብ ሊያሳንሰው ይችላል፤ እዚያ ለነበረው ግን ውድድሩ ሙሉ ነው። የሚሻ ትዝታም የተከፋፈለው በዚሁ መስመር ነው። በአሜሪካ ያልተሸጠ ዕቃ ነበር፤ ከበርሊን ግንብ በስተምሥራቅ ባለው ዓለም ደግሞ የአንድ ትውልድ የልጅነት ወዳጅ።

የመዝጊያው ዕለት

በፈረንጆቹ ነሐሴ 3 ቀን 1980 (በእኛ ሐምሌ 27)፣ በዚያን ጊዜ ማዕከላዊ ሌኒን ስታዲየም ይባል በነበረው በሉዥኒኪ፣ ሥነ ሥርዓቱ በፖለቲካ ንፋስ ውስጥ ነበር የተጀመረው። በልማዱ መሠረት የቀጣዩ አዘጋጅ አገር ባንዲራ መሰቀል ነበረበት፤ የአሜሪካ መንግሥት ባንዲራው እንዲሰቀል ባለመፈለጉ ግን የሎስ አንጀለስ ከተማ ባንዲራ ተሰቀለ። ሎርድ ኪላኒን የኦሊምፒክ ኮሚቴውን መሪነት በሞስኮ የስፔን አምባሳደር ለነበሩት ለኹዋን አንቶኒዮ ሳማራንች የሚያስረክቡበት ጊዜም ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንደኛው የተመልካች መቀመጫ በኩል ባለቀለም ሰሌዳ ይዘው የተደረደሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰሌዳቸውን እየገለባበጡ የሚሻን ፊት በግዙፉ ሠሩ። ሰሌዳዎቹ በተራ ሲለዋወጡ ከድቡ ዓይን አንዲት ዕንባ ወርዳ በጉንጩ ላይ ተንከባለለች። ቀጥሎ በአየር የተነፋ ትልቅ የሚሻ አካል በፊኛዎች ታስሮ ወደ ሜዳው መሐል ገባ፤ የስንብት መዝሙር እየተዘመረ እጁን እንዳነሳ ከስታዲየሙ በላይ ወጥቶ በሌሊቱ ሰማይ ውስጥ ሄደ። በመቀመጫው ላይ የነበረው ሕዝብ ያለቅስ ነበር።

ይህ ትዕይንት ለምን ሠራ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ዕንባው ነው፤ እኔ ግን ዕንባው ብቻውን ብዙ ያደርጋል ብዬ አላምንም። ማስኮቶች እስከዚያ ድረስ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበራቸውም፤ በታላቅ ድግስ ይተዋወቃሉ፣ ውድድሩ ሲያልቅ ፖስተራቸው ይነሳል፣ በቃ። የሞስኮ አዘጋጆች ግን ለድቡ መውጫ ሠሩለት። በተረት እንደመጣ ወደ ጫካው ይመለሳል፤ እንግዶቹን ሸኝቶ እሱም ይሄዳል። አንድ ምስል ሲሰናበት ሰው ይሆናል። ተመልካቹም የተሰናበተው የሶቪየት ኅብረትን ወይም ኦሊምፒክን ሳይሆን ላለፉት ሁለት ዓመታት ፊት ለፊት ሲያየው የነበረውን ፍጡር ነው። ለዚያ ደግሞ የቺዢኮቭ ቀጥተኛ እይታ አስቀድሞ መንገዱን ጠርጎ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሁኔታ በ1996 አትላንታ ላይ ታይቷል። ኢዚ የተባለው ማስኮት እንስሳም ሰውም ያልሆነ፣ በኮምፒውተር የተፈጠረ ሰማያዊ ፍጡር ነበር፤ በ1992 በባርሴሎና መዝጊያ ላይ ሲተዋወቅ ስሙ ራሱ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ትርጉም ነበረው። ትችቱ ሲበዛ መልኩ ተለወጠ፣ ስሙ ተለወጠ፣ የቴሌቪዥን ፊልምም ተሠራለት። ገበያው ክፍት ነበር፣ ቦይኮት አልነበረም፣ የሸጠውም ትልቅ አገር ነው። የጎደለው መነሻ ነበር፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፍጡር የሚመለስበት ቦታም አይኖረውም።

የባለቤትነቱ ክርክር

የሚሻ ጉዳይ በመዝጊያው ዕለት አልተዘጋም። በሶቪየት ሥርዓት የደራሲ መብት ደካማ ስለነበር ቺዢኮቭ ከድቡ ሽያጭ ተካፋይ አልሆነም፤ በኋላም ምስሉ ያለፈቃዱ ጥቅም ላይ እየዋለ ነው በሚል ቅሬታውን ደጋግሞ አሰምቷል። ጉዳዩ እንደገና ጎልቶ የወጣው ሩሲያ የ2014ን የክረምት ኦሊምፒክ በሶቺ ስታዘጋጅ ነው። በ2011 ከተመረጡት ሦስት ማስኮቶች አንዱ ነጭ ድብ ሲሆን፣ ቺዢኮቭ ዓይኑ፣ አፍንጫውና ፈገግታው ከእሱ ሥራ የተወሰደ ነው ብሎ በይፋ ተናገረ።

በሶቺ መዝጊያም ያ ነጭ ድብ የኦሊምፒኩን ነበልባል እፍ ብሎ ሲያጠፋና ዕንባ ሲያፈስ ታየ፤ የሞስኮውን ምሽት ለማስታወስ ታስቦ የተሠራ መሆኑንም ማንም አልሳተውም። ትዕይንቱ ያማረ ነበር። ሆኖም የሶቺ ድብ ከጥንቸልና ከነብር ጋር ከሦስቱ አንዱ ሆኖ የተሾመ፣ በቴሌቪዥን ድምፅ የተመረጠ፣ የራሱ ተረት ሳይኖረው የሌላውን ስንብት የተዋሰ በመሆኑ ዕንባው ከሜካኒክ ሥራ ያለፈ ነገር ሆኖ አልታየኝም። ቺዢኮቭ በሐምሌ 2020፣ የሞስኮው ውድድር የተከፈተበት 40ኛ ዓመት በዋለ ማግስት፣ በ84 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ የኦሊምፒክ ቻርተር ማስኮትን ከኦሊምፒክ ንብረቶች አንዱ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ አዲስ ማስኮት የሚሥል ሠዓሊ ገና ሲጀምር መብቱን በውል ያስተላልፋል፤ ቺዢኮቭ ያነሳው ዓይነት ክርክርም ከአንደኛው ቀን ጀምሮ በሩ ተዘግቶበታል።